ቁጥር ሁለት እስኪመጣ

«ወንድሜ እንዲህ አልነበረም» ትላለች የሟቹ እህት ከኩሽናው በር ጀርባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጅ ሳለ አፉ አያርፍም ነበር። እናታችን ‹ይሄን ልጅ ስወልደው ቀድሞ የወጣው ምላሱ ነው› ትል ነበር። ይቺን ካገባ ወዲህ ነው የደረቀው። ሰው ከግድግዳ ጋር ሲኖር ግድግዳ ይሆናል።»

«ኧረ ተይ፣ ትሰማሻለች» አለች ሌላ ሴት።

«ትስማ! ብትሰማስ ምን መልስ አላት?»

ሚስቲቱ ባዶ ብርጭቆዎች የተደረደሩበትን ትሪ እንደያዘች ከበሩ ወዲህ ቆማ ነበር። ወሬው ወደ ስኳር እስኪዞር ጠበቀች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ገባች፤ ትሪውን ከቧንቧው አጠገብ አስቀመጠች፤ «ሻይ ጨምሩ፣ ከአየር ኃይል የመጡ እንግዶች አሉ» ብላ ወጣች። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም። መድኃኒት ቤት ቆማ ስትሠራ የኖረች ፋርማሲስት ናት፤ በሽተኛ የሚፈራውን ነገር ከእሷ ፊት ላይ እንዳያነብ መጠንቀቅን ከተማሪነቷ ጀምሮ ለምዳዋለች።

ቃሉ ግን ተከትሏት ሳሎን ገባ።

ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ጮኾባት አያውቅም፤ ልጃቸውን ተቆጥቶ አያውቅም፤ ዳቦ ሳይገዛ ወደ ቤት የገባበት ቀን የለም። ብቻ አይናገርም። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ዓይን መድኃኒት ጠብታ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ነበር። ተፈጥሮው ነው ብላ አምና ኖራለች። አሁን ግን፣ እህቱ እንደምትለው ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ከነበረ፣ ያንን ሰው ማን ገደለው? ከሞተበት ቀን ጀምሮ ከለቀስተኛው ሁሉ ቀድሞ እየመጣ አጠገቧ የሚቀመጠው ይህ ጥያቄ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ በኪራይ የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከመስኮቱ ሥር ያለችው ደረቅ የእንጨት ወንበር ብቻ ከቦታዋ አልተነሣችም። የእሱ ናት። ማንም አትቀመጡባት አላለም፤ ማንም አልተቀመጠባትም። ከበላይዋ ፎቶግራፉ ተሰቅሏል፤ የበረራ ልብስ ለብሶ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ፣ በፀሐይ ዓይኖቹን ጨፈን አድርጎ።

ከእንግዶቹ መካከል አንዱ ጄኔራል ነው፤ ዱሮ የባሏ ተማሪ ነበር። አብራሪዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት የሚያወራው በእጁ ነው። ቀኝ መዳፉ አንደኛው አውሮፕላን ይሆናል፣ ግራው ሁለተኛው፤ አንዱ ሲዞር ሌላው ከኋላው ይዞራል።

«ኮሎኔል አየር ላይ አንዲት ቃል አያባክኑም ነበር» አለ ለልጅቷ፣ እናቲቱም እንድትሰማ ዞር እያለ። «‹መሪ፣ ነዳጄ እዚህ ደርሷል› እንላቸዋለን። መልስ የለም። የሬዲዮውን ቁልፍ ሁለቴ ይጫኑታል። ጠቅ፣ ጠቅ። ሰምቻለሁ ማለት ነው። እኛም ተማሪዎቹ ‹ጠቅጠቄ› ነበር የምንላቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

ሰው ሳቅ አለ። እሷም በከንፈሯ ፈገግ አለች፤ ውስጧን ግን የሆነ ነገር ነካው። ራት ስታቀርብለት፣ «ዛሬ አመሻለሁ» ስትለው፣ «ልጅቷ ፈተናዋን አለፈች» ስትለው በጣቱ ጠረጴዛውን ሁለቴ ይመታ ነበር። ይህ የሁለታቸው ብቻ ቋንቋ ይመስላት ነበር። ለካስ ለአየር ኃይሉ ሁሉ የሚናገረው ነው።

«ጠቅጠቄ!» አለ ጥግ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ የሻዩን ብርጭቆ ጉልበቱ ላይ እያደላደለ። የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። «እናንተ ልጆች የደረሳችሁት ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው። እኛ ‹ሬዲዮ› ነበር የምንለው።»

«ለምን?» አለች ልጅቷ።

«ስለማይዘጋ ነዋ፣ ልጄ! አባትሽን ቀበቶውን የማስረው እኔ ነበርኩ። ወንበሩ ላይ እያሠርኩት ስለ ጫማ ያወራኛል፣ ስለ ጎረቤቱ አውራ ዶሮ ያወራኛል፣ ትናንት ስላየው ሕልም ያወራኛል። ‹ወንድሜ፣ ትንፋሽ ሳብ፣ ደረትህን ልጠብቀው› እለዋለሁ። መሰላሉን አንሥቼ ስወርድ፣ ሽፋኑ ተዘግቶ እንኳ ከመስታወቱ ወዲያ አፉ ይንቀሳቀስ ነበር። ለማን እንደሚያወራ እንጃ።»

ሳሎኑ ሳቀ። እህቲቱ ከኩሽናው ብቅ ብላ ሰምታ ነበር፤ እጇን በፎጣ እየጠረገች «አላልኳችሁም?» አለች። ለማንም አልነበረም፤ ለሁሉም ነበር።

«መቼ ነው የተወው?» አለች ሚስቲቱ።

ከቀብሩ ወዲህ ያቀረበችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ሽማግሌው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ቁጥር ሁለት የወደቀ ቀን» አለ። ልጅቷ እንዳልገባት ስላየ ወደ እሷ ዞረ። «ተዋጊ አውሮፕላን ብቻውን አይወጣም፣ ልጄ። መሪው ከፊት ይሄዳል፤ ቁጥር ሁለት ከኋላው፣ ትንሽ ወደ ጎን ሆኖ ጀርባውን ይጠብቅለታል። አባትሽና ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አይነጣጠሉም ነበር። ነፍስና ሥጋ በያቸው። አንድ ቀን ልምምድ ጨርሰው ሲመለሱ የቁጥር ሁለት ሞተር ጠፋ። ዘለለ። የሚወነጨፈው ወንበር ከነነፍሱ አወጣው፤ ጀርባውን ግን ሰበረው። ዳግም አልበረረም።»

«አባዬስ?»

«አባትሽ ብቻውን ተመልሶ አረፈ። መሰላሉን ይዤ ወጣሁ። የራስ ቁሩን አላወለቀም፤ ሽፋኑንም ራሴ ነኝ የከፈትኩት። ‹ምን ሆነ?› አልኩት። አየኝ። ይኸው፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።»

ሚስቲቱ «ይሄ መቼ ነበር?» አለች።

ሽማግሌው ነገራት። እነሱ ከመጋባታቸው አንድ ዓመት በፊት ነበር፤ ያወቀችውም በዚያው ሰሞን ነው።

«ያው ነዋ» አለች እህቲቱ ወደ ኩሽናው እየተመለሰች። «ያኔ ነው ያወቃት።»

«አየር ላይ ምን ተባባሉ?» አለች ሚስቲቱ።

«ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፣ እህቴ። አንዱን ቀበርነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ገጠር ዶሮ ያረባል። ‹ከማይበር ወፍ ጋር ዕድሜዬን እጨርሳለሁ› ይላል። መርዶውን በስልክ ነግሬዋለሁ። እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ።»

«ይምጣ በሉልኝ» አለች።

የተናገረችው በዝግታ ነበር፤ ግን ጄኔራሉ ሁለቱን እጆቹን ከአየር ላይ አውርዶ ጭኑ ላይ አሳረፋቸው።

*

ለሚስቲቱ የትውውቃቸው የመጀመሪያ ቀን፣ አንድ መቶ አለቃ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ቆሞ ምንም ያልተናገረበት ቀን ነው። ጥጥ ጠቆማት። ሰጠችው። በሳምንቱ መጥቶ የቁስል ፕላስተር ጠቆማት። በሌላው ሳምንት እንደገና ጥጥ። ባልደረባዋ «ይሄ ሰውዬ ፍራሽ ሊሠራ ነው እንዴ?» ስትል ሳቀች። በመስኮቱ የሚመጡት ወንዶች ሁሉ ያወሩባት ነበር፤ ስለ መኪናቸው፣ ስለ ሹመታቸው፣ ስለ ዓይኗ። ይህኛው ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ፊቱን የሚያዞር ሰው ዝምታ አልነበረም። የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። ምን እንደሚጠብቅ አልጠየቀችውም። እሷም ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። ሁለት ዝምተኞች ተገናኘን አለች፤ ደስም አላት። በዓመቱ ተጋቡ።

አውሮፕላን ማረፊያው ከመድኃኒት ቤቱ ብዙም አይርቅም። ጄቶቹ ሲነሡ የመደርደሪያው ጠርሙሶች እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ይንጫጫሉ፤ በመርፌ መድኃኒት የተሞሉት ትንንሾቹ ብልቃጦች ደግሞ እንደ ጥርስ ይንቀጫቀጫሉ። እሷ መዳፏን መደርደሪያው ላይ አሳርፋ ጫጫታው እስኪበርድ ትቆማለች። ሥራ ነው፤ ብልቃጥ እንዳይወድቅ። ግን ሲመለሱም እንዲሁ መዳፏን ታሳርፍ ነበር፤ ያንን ጊዜ የሚወድቅ ብልቃጥ ስለነበረ አይደለም። የሄደው ስንት እንደነበረ በጆሮዋ ታውቃለች፤ የተመለሰው ስንት እንደሆነም ታውቃለች። ቁጥሩ ሲገጥም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ማታ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች። «ደህና።» ዳቦውን ያስቀምጣል።

ጆሮው ላይ በደረሰ ጉዳት ከበረራ ሲያግዱት ዕድሜው ገና ነበር። የራስ ቁሩን በከረጢቱ አድርጎ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለና የታክሲ ነጂዎችን መንዳት ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ ይወዱት ነበር፤ ሌላው አሠልጣኝ ይሳደባል፣ እሱ አይናገርም። ጄት በቤታቸው ላይ ሲያልፍ ቀና አይልም ነበር። ጭንቅላቱን ብቻ ዘንበል ያደርጋል፤ «ሁለት ናቸው» ይላል። አንዳንዴ ወጥ ቤት ሆና ያለምንም ጄት እሷም ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ራሷን ያገኘችበት ጊዜ አለ።

በዓመት አንድ ቀን ግን ልብሱን ቀይሮ በጠዋት ይወጣል፤ ሲመሽ ይመለሳል። የት እንደዋለ አይናገርም። አልጠየቀችውም። ጎረቤት ሁለት ሦስት ጊዜ በነገር ጠቆም አድርጓት ነበር። የሚዋሽ ሰው ሰበብ ያበዛል፤ እሱ ሰበብም አልነበረውም። ሲመለስ ከሌላው ቀን ይልቅ ዓይኑ እሷ ላይ ይቆይ ነበር። ራት እየበላች ቀና ስትል ያያታል። «ምነው?» ትለዋለች። ጣቱ ጠረጴዛውን ሁለቴ ይመታል።

በመጨረሻው ሰሞን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እጇን ይዞ አፉን ከፍቶ ነበር። «ያኔ…» አለ። ትንፋሹ አጠረ። እሷ ኦክስጅኑን አስተካከለችለት፤ ግንባሩን ዳሰሰችው። «ተወው፤ አትድከም፤ ዕረፍ» አለችው። ባለሙያ የምትለው ይህንን ነው። ትክክልም ነበር። አረፈ።

አሁን ያቺን «ያኔ» ይዛ ከክፍል ወደ ክፍል ትዞራለች።

*

ይምጣ በሉልኝ ባለች ማግስት የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቷን ታቀናለች። መንዳት ያሰለጠናቸው ሹፌሮች መጡ፤ ታክሲዎቻቸውን ከአጥሩ ውጪ ደርድረው በየተራ ገቡ። «ጋሼ ፍሬን ሲያስረግጡን እንኳ ጉልበታችንን ነካ ነው የሚያደርጉት» አለ አንዱ። የመድኃኒት ቤት ባልደረቦቿ መጡ። «አልቅሺ እንጂ፣ ምነው? ውስጥ ሲቀር ይጎዳል» አለቻት አንዷ፣ የሳል መድኃኒት እንደምታዝዝ። «እሺ» አለቻት።

ዶሮ የሚያረባው ሰው አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤት ገብታ የባሏን ልብስ ስታጥፍ እህቲቱ ተከትላት ገባች። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልቅሳ አልቅሳ ፊቷ አብጧል፤ ድምጿ ሰልሏል። ሸሚዝ አንሥታ አሸተተችው።

«ሽቶ እንኳ አልነበረውም» አለች።

«አይወድም ነበር።»

«ልጅ ሳለን የአባታችንን ሽቶ ሰርቆ ተቀብቶ፣ ተገርፎ፣ እየተገረፈ ያስቀን ነበር። ‹አባባ ቀስ፣ ሽቶው ይተናል› እያለ። አንቺ ይሄን ሰው አታውቂውም።»

«አላውቀውም።»

እህቲቱ ጠብ ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ ያገኘችው ግን ይህንን ነው። ሸሚዙን ጭኗ ላይ አኖረችው። «ትናንት ኩሽና ያልኩትን…»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ያልመለስኩልሽ ንቄሽ አይደለም። መልሱን ስለማላውቀው ነው። የሚያውቀውን ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«መጥቶ እሷ ናት ቢልስ?»

ሚስቲቱ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ኋላ አጠፈች፤ በመዳፏ አስተካከለችው።

«ይበላ። የማላውቀውን ሰው ከምናፍቅ፣ ያጠፋሁትን ሰው ባለቅስ ይሻለኛል።»

እህቲቱ አየቻት። ከዚያ ሌላ ሸሚዝ አንሥታ ማጠፍ ጀመረች፤ አስተጣጠፏ ሌላ ነበር፤ ሚስቲቱ መልሳ አላስተካከለችውም።

*

የመጣው በመጨረሻው ቀን፣ የኪራዩ ወንበሮች ሊነሡ ሲሉ ነው። ረጅም ሰው ነበር፤ በከዘራ ይሄዳል፤ ጀርባው እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሏል። በሌላው እጁ በክር የታሰረ የእንቁላል ካርቶን ይዟል።

«ባዶ እጄን መምጣት ከብዶኝ ነው» አለ በሩ ላይ። «ሌላ ነገር ደግሞ የለኝም።»

ሽማግሌው መካኒክ ብድግ ብሎ አቀፈው፤ ከዚያ ወደ ፕላስቲክ ወንበር ጠቆመው። ሰውየው ወንበሩን በከዘራው ነካ አደረገው። «ይሄ ታጥፎ ያጥፈኛል» ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ እዚያች ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጠ።  ልጅቷ ልትናገር ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ተዪው።»

ራሷ ሻይ አመጣችለት። አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እህቲቱ ከበሩ ሥር ቆመች። ሌላው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ደጅ ወጣ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለ።

«አብሮ ያጽናን። ቆዩብኝ።»

«አውቃለሁ። ቃል ነበረብኝ። ‹በሕይወት እያለሁ ቤቴ እንዳትመጣ› ብሎ አስምሎኛል። ከሞተ በኋላስ ቃሉ ያልቃል ወይስ አያልቅም እያልኩ ነው ዶሮዎቼን ስዞር የሰነበትኩት። ዶሮ ደግሞ ምክር አይሰጥም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተጣልተን?» ሰውየው ከልቡ ገረመው። «በየዓመቱ በዚያች ቀን እኔ ጋ ይመጣ ነበር እኮ። ካርታ እንጫወታለን፤ ያሸንፈኛል፤ ‹ጀርባህስ?› ይለኛል፤ ‹ከኋላዬ ነው› እለዋለሁ። ይኸው ነው።»

ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች። ባሏ በየዓመቱ በዚያች ቀን የት ይውል እንደነበር አሁን አወቀች።

«የዚያን ቀን ምን ሆናችሁ?» አለች። «እባክዎ፣ ሳይደብቁ።»

ሻዩን ሳይጠጣ መስኮቱ ላይ አኖረው።

«ጨርሰን ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ሁለታችን ብቻ የምንሰማማበት መስመር ላይ ነን፤ እሱ እንደ ልማዱ ያወራል። ሬዲዮው እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እህቴ፤ ቁልፉን የተጫነ ይናገራል። እስኪለቀው ድረስ ግን ሌላው ቢጮኽ አይሰማም። ሞተሬ ጠፋ። ‹መሪ፣ ሞተር ጠፋብኝ› አልኩ። እሱ ያወራል። ደግሜ አልኩ። ያወራል። ሞተሩን ላስነሣ እየታገልኩ፣ መሬቱ ወደ እኔ እየመጣ፣ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ያ ደስ ያለው ድምፅ። በስተመጨረሻ የመዝለያውን እጀታ ያዝኩ።»

«እሱ ቢሰማዎት ኖሮ?»

«ሞተሩ አይነሣም ነበር። ምናልባት ‹ዝለል› ይለኝና ከፍ ብዬ እዘል ነበር። ምናልባት ጀርባዬ ይተርፍ ነበር። ምናልባት ነው። ይሄን ለእሱ እስኪሰለቸኝ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ነበር የሚያወራው?»

ሰውየው ወደ ከዘራው ራስ አየ።

«እንዳልነግርሽ ያስማለኝ ይሄንን ነው» አለ፤ አንቱታው ሳያስበው ወደቀ። «ስለ አንቺ ነበር።»

በሩ ሥር የቆመችው እህቲቱ እጇን ወደ ደረቷ ወሰደች።

«ስምሽን አያውቅም ነበር። ‹ስማ ቁጥር ሁለት፣ ትናንት መድኃኒት ቤት ሄድኩልህ። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ…›» ድምፁ ተለወጠ። ፈጠነ፤ ቀጠነ፤ ሳቅ ሳቅ አለው። የራሱ ድምፅ አልነበረም። «‹ሰው ተሰልፏል፣ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ክኒኗን ትቆጥራለች። ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ አክስቴ አወራሁ፣ ወይ ፍንክች! ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሊማታ ደረሰ። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝ። ወንድሜ፣ እንደዚያ ታይተህ አታውቅም። ታውቃለህ ምን አለችኝ?›»

ንግግሩን አቆመ።

«እዚያ ላይ እጀታውን ሳብኩት።»

የግቢው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ወንበሮቹን ሊወስዱ መጥተዋል፤ መካኒኩ ከደጅ ሆኖ ‹ቆዩ› አላቸው።

«ሆስፒታል መጣ» አለ ቁጥር ሁለት በራሱ ድምፅ። «አለቀሰ። ‹ስለ ሴት እየቀባጠርኩ ነው የጣልኩህ› አለኝ። እኔ ከአንገቴ እስከ ወገቤ በጄሶ ተገንብቻለሁ። ‹ታዲያ ሂድና አግባታ፤ በከንቱ ነው እንዴ የወደቅኩት?› አልኩት። አገባሽ። ለሠርጉ ልምጣ ስለው ግን እምቢ አለ። ‹አንተ ትነግራታለህ፤ ከሰማች ራሷን ትከስሳለች፤ እኔን የበቃኝን እሷ አትሸከምም› አለ። ንገራት ስለው ኖርኩ። በየዓመቱ ልነግራት ነው ይለኛል።»

«ሊነግረኝ ነበር» አለች። «ሆስፒታል። አትድከም አልኩት።»

 እህቲቱ ከበሩ መጥታ ወለሉ ላይ፣ ከሚስቲቱ እግር አጠገብ ተቀመጠች። ያሸነፈች አትመስልም ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ቁጥር ሁለት። «ሠላሳ ዓመት ያብሰለሰለኝ ነው። ነፍሴ ልትወጣ ስትል እንኳ፣ እየወደቅኩ፣ ‹ምን አለችው ይሆን?› እያልኩ ነበር። እሱን ስጠይቀው አይነግረኝም። ‹እሷ ትንገርህ› ይለኛል፤ ከእሷ ጋር ደግሞ አያገናኘኝ! ምን አልሽው?»

አላስታውስም ልትል ነበር። በቀን ስንት ሰው ታስተናግድ ነበር! ከዚያ ትዝታው ቀስ እያለ መጣ። ድምፁ የሻከረ አንድ መኮንን። ጉሮሮው ቆስሎ እንኳ የማያርፍ፤ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ የመሰለ። ፊቱ አልታያትም፤ ለካ ፊቱን አላየችውም ነበር፤ ያየችው ጉሮሮውን ነው። በሳምንቱ ዝም ብሎ መጥቶ ጥጥ የጠቆማት ሰው እሱ ይሆናል ብላ አላሰበችም።

«እሱ ነበር?» አለች።

«ምን አልሽው?»

«ጉሮሮው በጣም ቆስሎ ነበር» አለች፤ አሁን እንኳ መጀመሪያ የመጣላት ሕመሙ ነው። «‹የእርስዎ ጉሮሮ የሚፈልገው መድኃኒት አይደለም፣ ዝምታ ነው› አልኩት። ከኋላው የቆሙት ሳቁበት። አሳዘነኝ። ‹ዝም ብለው ተመልሰው ከመጡ፣ ያን ጊዜ እኔ አወራዎታለሁ› አልኩት።»

ቁጥር ሁለት ከዘራውን ለቀቀው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ጀርባውን እያመመው፣ በአንድ እጁ ወገቡን ደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይሄ ነው? ይሄን ነው እንዴ ሠላሳ ዓመት! ዝም ብሎ መጣልሽ!» እህቲቱም ከወለሉ ላይ፣ በሰለለ ድምጿ፣ ሳቀች። ሚስቲቱም ሳቀች።

«ታዲያስ?» አለ ቁጥር ሁለት ዓይኑን እየጠረገ፣ ምንም ክፉ ሳያስብ። «አወራሽው?»

አፏን ከፈተች። መስኮቱ ፊት ቆሞ የሆነ ነገር ይጠብቅ የነበረውን መቶ አለቃ አየችው፤ ራት ላይ ቀና ስትል የሚያያትን ሰው አየችው።

«ኧረ አላወራሁትም» አለች። «አላወራሁትም።»

ከዚያ የለቅሶዋ ድምፅ መጣ። ከሳቁ ሥር ነበር የመጣው፤ እሷም ራሷ አላወቀችውም። ደጅ የቆሙት ሰዎች ወደ በሩ ዞሩ። ቀኝ እጇ አፏን ልትሸፍን ተነሣች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ ጭኗ ላይ አረፈች።